ጋሼ ተክለማርያም ይውረዱ

ኮልፌ፣ መጋቢት 21 ቀን 1966 ዓ.ም.

አጸድዬ፣

ናፍቆቴ ወንዙንም ጫካውንም ተሻግሮ ጎሬ ይድረስልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። እማዬም ወገቧን እያመማት ነው እንጂ ደኅና ናት። ሦስት ደብዳቤ ልከሽ ለአንዱም ሳልመልስ መቅረቴን ይቅር በይኝ። ረስቼሽ አይደለም። እስክሪብቶ ባነሣሁ ቁጥር ስለ አባትሽ መጻፍ ይኖርብኛል፤ እሱን ደግሞ ከየት እንደምጀምረው አጣሁት።

«የሰፈሩን ወሬ ከሌላ ሰው ከምሰማው ካንቺ ልስማው» ስላልሽ ይኸው።

እኛ ታችኛው ሰፈር ወንዙ ዳር ያለነውን ዘጠኝ ቤቶች ባለርስቱ «ልቀቁልኝ» ማለቱን፣ ማኅበራችንም እሱን መክሰሱን ታውቂያለሽ። ታኅሣሥ ላይ የመረዳጃ ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ተቀምጦ «ክሱ እስከ ፍርድ ይሂድ፤ ከባለርስቱ ጋር ማንም ለብቻው አይዋዋል» ብሎ ወሰነ። ሰብሳቢው ፕሬዚዳንቱ አባትሽ ነበሩ፤ ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ረቡዕ ከሥራ አስፈቅጄ ቀጠሮውን ልጠይቅ ፍርድ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ «የምን ቀጠሮ? መዝገቡ ተዘግቷል እኮ» አለኝ። ወረቀቱን አሳየኝ። አባትሽ በየካቲት መጨረሻ ከባለርስቱ ጠበቃ ጋር ተፈራርመዋል። ማኅበሩ ክሱን ይተዋል፤ ዘጠኙ ቤቶች እስከ መጪው መስከረም ሠላሳ አይነኩም፤ ከዚያ በኋላ ያለ አንዳች ክርክር ይለቃሉ ይላል። ከፊርማቸው በታች የማኅበሩ ማኅተም አለ።

አጸደ፣ እዚያው በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ።

ሰፈሩ አሁን ሁለት ሆኗል። ባለሱቁ ሰይፈዲን «ጋሼ ተክለማርያም ሸጡን» እያለ ነው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ «ከክረምት አዳኑን» ይላሉ። በማኅበራችን ሕግ አንቀጽ አሥራ ሁለት፣ ፕሬዚዳንት በሠላሳ አባላት ፊርማ ይከሰሳል፣ በጉባኤው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወርዳል። ሠላሳው ፊርማ በሁለት ቀን ሞላ። የክሱን ወረቀት በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ። በምሳ ሰዓት፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ በሬን ዘግቼ። ይህን ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግርሽ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

አንድ ነገር ንገሪኝ። ከመፈረማቸው በፊት ጽፈውልሽ ነበር? እኔን ዓይኔን አያዩኝም።

እህትሽ ዘይቱና

*

ጎሬ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1966 ዓ.ም.

ዘይቱና፣

ደብዳቤሽ በአሥራ አንደኛው ቀን ደረሰኝ። እንኳን ለመውሊዱ አደረሳችሁ። ካለፈ በኋላ ቢሆንም ከልቤ ነው።

ሁለት ጊዜ መልስ ጽፌ ሁለቱንም ቀደድኩ። የመጀመሪያው ስድብ ነበር። በሁለተኛው ያን ታይፕ ቤት ማን እጅሽን ይዞ እንዳስገባሽ፣ ማመልከቻሽን በራሱ እጅ ማን እንደጻፈልሽ ላስታውስሽ ነበር። ይኸው አሁንም ጻፍኩት። ይቅር በይኝ፤ ግን አልሰርዘውም።

አባባ ሃያ ሁለት ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እንዲህ ዓይነት መዝገብ እንዴት እንደሚያልቅ ካንቺም ከሰይፈዲንም ይበልጥ ያውቁታል። ባለርስት አንድ ጊዜ ከተፈረደለት በማግሥቱ ቤት አፍራሽ ይዞ እንደሚመጣ አይተዋል። ሰው ሜዳ ላይ ከሚወድቅ ብለው አንድ ክረምት ገዙላችሁ። ሸጡን ትያላችሁ። ምን ሸጡ? የሚሸጥ ነገር በእጃችሁ ነበር?

እኛም ክሊኒክ ውስጥ ሰላም የለም። አስተማሪዎቹ አድመዋል፤ የጤና ረዳቶቹ «ኃላፊው ይነሣልን» ብለው ወረቀት ያዞራሉ። ለኔም አመጡልኝ። አገሩ ሁሉ አንድ ቃል የተማረ ይመስላል፤ ይውረድ፣ ይውረድ። እኔ አልፈረምኩም።

ስለጠየቅሽኝ ነገር፣ አባባ ይጽፉልኛል። ሁሉንም ነገር ግን አይጽፉልኝም።

እናትሽን፣ እትዬ ሚስኪን፣ ሳሚልኝ። በጥምቀት ስመጣ የሰጠኋቸውን ክኒን እየወሰዱ መሆኑን ራስሽ እዪ። ሲያልቅባቸው ይደብቁሻል። ውሃም እንዳይቀዱ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ለወገባቸው ነው።

አጸደ

*

ኮልፌ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1966 ዓ.ም.

አጸደ፣

እንኳን ለፋሲካው አደረሰሽ። ክኒኑን አየሁ፤ ትወስዳለች። ስቆጣጠራት «አንቺና አጸደ ሐኪም ቤት አደረጋችሁኝ» ብላ ተቆጣች።

ስለ ታይፕ ቤቱ ያልሽው እውነት ነው። አልረሳሁትም። ብረሳው ኖሮ እንቅልፌን እተኛ ነበር።

ቅዳሜ ትልቁ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። የእስላሙ እኩልነት ይከበር ተብሎ ከተማው ሁሉ ወጣ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም አብረውን ወጡ። ማንን አየሁ መሰለሽ? አባትሽን። በከዘራቸው እየተደገፉ፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ከሰይፈዲን ሁለት ሰው ያህል ራቅ ብለው ይሄዳሉ። ፀሐዩ ጠንክሮ ነበር፤ ሰይፈዲን ውሃ አቀበላቸው፣ ጠጥተው መለሱለት። በማግሥቱ እሁድ ደግሞ ጉባኤው ፊት አቆማቸው።

አዳራሹ ስለማይበቃ አግዳሚዎቹን ሜዳው ላይ አወጣናቸው። እኔ እንደ ልማዴ ጠረጴዛው ጋ ነበርኩ፤ የተባለውን ሁሉ ጽፌዋለሁ። ለአንቺም እንደተባለው እጽፍልሻለሁ።

«ጉባኤው ማንም ለብቻው አይዋዋል ብሎ ነበር ወይስ አላለም?» አለ ሰይፈዲን።

«ብሏል» አሉ።

«ፊርማው የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ታዲያ ለምን?»

«ክረምት እየመጣ ነው። በሐምሌ ዝናብ ከቤቱ የወጣ ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ዳኛው ከፋሲካ በፊት ሊፈርድብን እንደሆነም ሰምቼ ነበር።»

«ጉባኤ ጠርተው ይህንኑ ለምን አልነገሩንም?»

«ጠበቃው ነገሩ ከተወራ ውሉ የለም አለኝ።»

«ማንንም ሳያማክሩ?»

«አንድ የማምነውን ሰው አማክሬያለሁ።»

«ማንን?»

«እሱን አልናገርም።»

ሜዳው ተንጫጫ። ያን ጊዜ ጋሼ ባጫ ተነሡ። ቤታቸው ከኛ ቤት ቀጥሎ ያለው ነው። «ሰይፈዲን፣ የአንተ ሱቅ አስፋልት ዳር ነው፤ ማንም አይነካህም። ሜዳ ላይ የሚወድቀው የኔ ቤት ነበር። ይህን ክረምት ጣራ ሥር አድራለሁ። ይህን ያደረጉልኝን ሰው አውርድ ብትለኝ እጄ እንዴት ይነሣል?» አሉ። ብዙ ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን ብዕሬን አስቀምጬ ተነሣሁ። «የኛም ቤት ከዘጠኙ ነው። እኔም ጣራ ሥር አድራለሁ። ግን መስከረም ሠላሳ ያለ ክርክር እለቃለሁ ብዬ ማንንም አልወከልኩም» አልኩ። አባትሽ ቀና ብለው አዩኝ። በሁለት ወር ውስጥ መጀመሪያ ያዩኝ ያን ዕለት ነው። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጡ በወደድኩ።

ድምፁ በሕጉ መሠረት ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 11 ቀን እሁድ ይሰጣል። ሰዉ መጠማመድ ጀምሯል። የጋሼ ባጫ ልጅ ውሃ ስትቀዳ ስታየኝ እንስራዋን አዙራ ሄደች። ከሰይፈዲን ሱቅ ደግሞ ከአባትሽ ጋር የቆሙት የላይኛው ሰፈር ሰዎች መግዛት አቁመዋል።

ያ የሚያምኑት ሰው ማነው አጸደ? ስሙን ቢጠሩት ጉባኤው ይለሰልስ ነበር። የባለርስቱ ሰው ነው እየተባለ ነው፤ የሚባለውን ሁሉ ልጽፍልሽ አልፈልግም። ካወቅሽ ንገሪኝ።

ዘይቱና

*

ጎሬ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1966 ዓ.ም.

ዘይትዬ፣

ያ ሰው እኔ ነኝ።

ይህችን አንድ መስመር ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አባባ በየካቲት ጻፉልኝ። ውሉን ዘርዝረው «ልጄ፣ ብፈርም ጉባኤውን እከዳለሁ፤ ባልፈርም ሰው ይወጣል፤ አንቺ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። በመጀመሪያው አውሮፕላን መልስ ላክሁ። «ይፈርሙ፤ ምክንያቱን ግን አይጠይቁኝ» አልኳቸው። እሳቸውም አልጠየቁኝም። እስከ ዛሬ አያውቁትም። ጉባኤው ፊት ያልተናገሩት የሚሸሽጉት ነገር ኖሮ እንዳይመስልሽ። የሸሸጉት የኔን ስም ብቻ ነው።

ምክንያቱን አሁን ልነግርሽ ነው፤ ስነግርሽ መሐላ እያፈረስኩ ነው።

በጥምቀት ሰሞን ኮልፌ ስመጣ እትዬ ሚስኪ ጓዳ ጠርተው ጡታቸውን አሳዩኝ። እብጠቱ ቆይቷል ዘይቱ። አንድ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም። በማግሥቱ «ገበያ ሄድን» ያልንሽ ዕለት ሆስፒታል ወስጃቸው ነበር። ሐኪሙ ለኔ በእንግሊዝኛ ሊነግረኝ ሲል «በአማርኛ ንገራት፤ የኔ ነው» አሉት። ለቀዶ ጥገና ጊዜው አልፏል አለ። ክረምቱን ለመግፋታቸውም እርግጠኛ አልነበረም። ሲወጡ በእናቴ በወለተጻድቅ ነፍስ አስማሉኝ። «ለዘይቱና እንዳትነግሪያት፤ ሥራዋን ጥላ እኔን ስታይ ትውላለች» አሉ። ክኒኑ ለሕመሙ ማስታገሻ ነው እንጂ ለወገብ አይደለም።

እንግዲህ አባባ ሲጽፉልኝ የታየኝ ማኅበር አይደለም፤ ክስም አይደለም። የታየኝ እትዬ ሚስኪ በሐምሌ ዝናብ ዕቃቸው ተዝረክርኮ የሰው በረንዳ ላይ ተኝተው ነው። ሕግ የሚባለው ነገር ለሰው ካልሆነ ለማን እንደሚሆን አላውቅም።

እሁድ የፈለግሽውን አድርጊ ልልሽ አልችልም። አባቴን አትጣያቸው ነው የምልሽ።

መሐላዬን ስለ በላሁ እናትሽ ይቅር ይበሉኝ።

አጸደ

*

ኮልፌ፣ ግንቦት 13 ቀን 1966 ዓ.ም.

አጸድዬ፣

ደብዳቤሽ አርብ ደረሰኝ። አውቶቡስ ውስጥ ከፍቼ ፌርማታዬን አለፍኩ። ቀራንዮ ድረስ ሄጄ በእግሬ ተመለስኩ።

እማዬ ምስር እየለቀመች ነበር። ፊቴን አይታ «አጸደ ጻፈችልሽ?» አለች።

«አዎ።»

«መሐላዋን በላች በያ።» እጇ ከምስሩ አልተነሣም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሽስ? አብረሽኝ ልትታመሚ?»

አጠገቧ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። «ጠጠሩን ወዲህ፣ ምስሩን ወዲያ አድርጊ፤ ደባለቅሽብኝ» አለችኝ። አባትሽ የፈረሙት አንቺ ስላልሻቸው፣ አንቺም ያልሽው በሷ ምክንያት መሆኑን ስነግራት ግን ሰፌዱን አስቀመጠች። ይህን አላወቀችም ነበር። «እሁድ እኔም እሄዳለሁ» አለች። ጉባኤ ወጥታ አታውቅም እኮ።

እሁድ ሰማንያ ሰባት ሰው ተገኘ። ሰይፈዲን ክሱን አነበበ። አባትሽ ቀደም ሲል ያሉትን ብቻ ደገሙ። «የሚናገር አለ?» ሲባል እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ድምፅዋ ቀጭን ስለሆነ ሰዉ ሁሉ ዝም አለ።

«አቶ ተክለማርያም፣ እኔ ታምሜያለሁ። ይህ ክረምት የሚያልፍልኝ አይመስለኝም። የፈረሙት በኔ ምክንያት መሆኑን ከትናንት ወዲያ ሰማሁ። ቤቴ እንድሞት አደረጉኝ፤ አላህ ይስጥልኝ።»

አባትሽ አፋቸውን ከፍተው አዩዋት። ያን ደቂቃ ነው የሰሙት፤ ፊታቸው ላይ አየሁት።

«ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች እማዬ። «ጠርተው ቢጠይቁን ኖሮ፣ ይህ ሁሉ ሰው ሚስኪ ቤቷ ትሙት ብሎ እጁን የማያወጣ መስሎዎት ነው?»

አባትሽ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወሩ። በኋላ «መጠየቅ ነበረብኝ» አሉ። በቃ፣ ይህን ብቻ።

ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ጋሼ ባጫ ብድግ ብለው «በቃ ነገሩ እዚህ ላይ ይቁም፤ ይቅር እንባባል» አሉ፤ ከሰይፈዲን ወገንም ብዙዎቹ «እሺ» አሉ። ሰይፈዲን ራሱ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ሊከት ነበር። አባትሽ ናቸው የከለከሉት። «ይቅርታው ለብቻው ነው፤ ድምፁም ለብቻው ነው። ይህን ሕግ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለሰው ሁሉ ጽፌ ለራሴ ልተወው?» ብለው ማኅተሙን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

የሚያስፈልገው ሃምሳ ስምንት ድምፅ ነበር። ስልሳ አንድ ሆነ።

ጸሐፊም ድምፅ አላት። እጄን አወጣሁ፣ አጸደ። ደብዳቤሽ ቦርሳዬ ውስጥ እያለ፣ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ እንደያዘች፣ እኔ አወጣሁ። ለምን ትይኛለሽ። ነገ በሳቸው ቦታ ሌላ ሰው ይቀመጣል። እንደ አባትሽ ደግ ላይሆን ይችላል፤ ማኅተሙ ግን ያው ማኅተም ነው። ደግ ሰው በር ዘግቶ የሠራውን ክፉውም ዘግቶ ሲሠራ ምን ብዬ እከለክለዋለሁ? ይህን አሰብኩ። አሁንም አስባለሁ።

እባክሽ ጻፊልኝ። ስድብም ቢሆን።

ዘይቱና

*

ጎሬ፣ ሰኔ 4 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ዘይቱና ጀላል፣

ደብዳቤው ደርሶኛል።

ከዚህ ጋር የተላከው ክኒን የቀድሞው አይደለም፤ ጠንከር ያለ ነው። በስድስት ሰዓት ልዩነት አንድ አንድ፣ ምግብ ከቀመሱ በኋላ። ትውከት ከበዛ ግማሹን ይስጧቸው። ቁስሉ ከፈነዳ ውሃ አፍልተው፣ ጨው ጨምረው፣ ቀዝቅዞ ለብ ሲል በንጹሕ ጨርቅ ያጽዱት። በየሁለት ሳምንቱ መድኃኒት በአውሮፕላን እልካለሁ። ለእትዬ ሚስኪ የምጽፈውን ለብቻ በታሸገው ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ ያንብቡላቸው።

ስለ ሌላው ነገር የምለው የለኝም።

አጸደ ተክለማርያም

*

ኮልፌ፣ ነሐሴ 18 ቀን 1966 ዓ.ም.

አጸደ፣

በሐምሌ ለጻፍኩልሽ ሁለት ደብዳቤ መልስ አልሰጠሽም፤ አልቀየምኩም። መድኃኒቱ ግን አንድም ጊዜ አልዘገየም። የአየር ጣቢያው ሰው እስኪያውቀኝ ድረስ ተመላለስኩ።

እማዬ ሰኞ ጠዋት ዐረፈች። አባትሽ ይጽፉልሻል ብዬ ነበር፤ «ዘይቱና ትንገራት» አሉ።

ቤቷ ነው ያረፈችው። አልጋዋ ላይ፣ የቆርቆሮው ዝናብ ንግግራችንን እየዋጠው። የመጨረሻዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ፤ የላክሽው ክኒን ባይኖር እንዴት እንደምንሆን አላውቅም። ያንን ለሷ ለብቻ አሽገሽ የላክሽውን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። መሐላውን ይቅር ብላሻለች። «ልጅ አይደለች፤ ምን ታድርግ» አለች።

ስለ አባትሽ ያልነገርኩሽ አለ። ከወረዱ በሦስተኛው ቅዳሜ መነጽራቸውንና ወረቀታቸውን ይዘው ቤታችን መጡ። «ፕሬዚዳንት ባልሆንም ጽሕፈት አልረሳሁም» ብለው መዝገቡ እንደገና እንዲከፈት የሚጠይቀውን አቤቱታ እማዬ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ጻፉት። ፕሬዚዳንት ውሉን ያለ ጉባኤ ፈቃድ ፈርሟልና ውሉ ማኅበሩን አይይዝም የሚል ነው። በራሳቸው ላይ መሰከሩ ማለት ነው። ተነቦ ጉባኤው ድምፅ ሰጠበት፤ አዲሱ ፕሬዚዳንት ሰይፈዲን ፈረመበት። ፍርድ ቤቱ ለጥቅምት ቀጠሮ ሰጠን። ምን እንደሚፈርድ አላውቅም። ዛሬ ማን ዳኛ እንደሆነ፣ ነገ ማን እንደሚሆንም የሚያውቅ የለም፤ በየቀኑ በራዲዮ የሚታሰር ባለሥልጣን ስም ይነበባል።

የቀብሩ ዕለት ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይይዝ ነበር። ቃሬዛውን ሰይፈዲንና የጋሼ ባጫ ልጆች ተቀባበሉት። እነዚህ ሰዎች ከግንቦት ወዲህ ሰላም አልተባባሉም ነበር፤ ያን ዕለትም አልተነጋገሩም፤ ግን ትከሻ ለትከሻ ሆነው ተሸከሟት። አባትሽ ያን ሁሉ ዳገት እስከ መቃብሩ በእግራቸው ወጡ።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሲቀንስ አጠገባቸው ተቀመጥኩና «ጋሼ፣ ያን ዕለት እኔም እጄን አውጥቻለሁ» አልኳቸው።

«አይቻለሁ» አሉ።

«ተቀይመውኛል?»

«ተቀይሜሻለሁ» አሉኝ። «ሁለት ወር ተቀይሜሻለሁ። ከዚያ በኋላ ደከመኝ።» ቀጥለው ደግሞ «በልጄ ግን አትፍረጂ። እሷ የተቀየመችው ለኔ ብላ ነው፤ ለሰው ተብሎ የተያዘ ቂም ቶሎ አይለቅም» አሉ።

አጸደ፣ ትክክል ነበርኩ ብዬ አስባለሁ። እማዬን ስገንዛት ደግሞ እጇን ይዤ «ቤትሽ ነሽ፣ ቤትሽ ነሽ» እያልኩ ነበር። ቤቷ የሆነችው ደግሞ አንቺ ይፈርሙ ስላልሽና እሳቸውም ስለፈረሙ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አቅቶኛል። የሰፈሩ ሰው ያጽናናኛል እንጂ አይከራከረኝም፤ እኔ ደግሞ መጽናናት ሰለቸኝ። ከእናቴ ሌላ ሁሉንም የሚያውቅ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። መጥተሽ ብትጮሂብኝ እወድ ነበር።

አልጋዋን አላነሣሁትም። ማደሪያ አለሽ።

ዘይቱና

*

ቴሌግራም
ከጎሬ፣ ነሐሴ 29 ቀን 1966 ዓ.ም.
ለዘይቱና ጀላል፣ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ

ቅዳሜ በአውሮፕላን እመጣለሁ። አርባው እስኪወጣ አንቺ ቤት ነኝ። በድምፁ አልስማማም። አጸደ